ደንባራ በቅሎ እንዴት ትገራለች?

የበቅሎን ጥቅም ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው መንገር «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው ነው። ከደጋው ወደ ይፋት ቆላ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ በብዙ ቦታ ዛሬም መኪና አይሄድበትም። በዚያ መንገድ እህል የምትጭነው፣ ሽማግሌውን ለቅሶ የምታደርሰው፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የምታወጣው በቅሎ ናት። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ጦርም ስንቅና መሣሪያውን ተራራ ለተራራ ያሻገረው በአብዛኛው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነው።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ግን የተገራች በቅሎ ናት። ደንባራ ከሆነች ጥቅሟ ይቀርና ጠንቅ ትሆናለች። ገደል አፋፍ ላይ አንድ ጊዜ ብትደነብር ጭነቱም፣ ሰውም፣ እሷም ይጠፋሉ። የረገጠችው ሰው አጥንቱ ይሰበራል፤ ራሱን ወይም ሆዱን ካገኘችው ሊሞትም ይችላል።

አንድ ገበሬ ከመሐል ሜዳ ገበያ አንዲት ዳማ በቅሎ ገዛ እንበል። ሦስት ዓመቷ ነው። መልኳ ያማረ፣ አረማመዷ የለሰለሰ ነው። ገበሬው እየሳበ ወደ ቤቱ ሲወስዳት አጥር ላይ የተያዘ ፌስታል በነፋስ ተርገበገበ። በቅሎዋ ወደ ጎን ዘለለች። ገበሬውም ተናደደና በያዘው ዱላ ፊቷን መታት። በሳምንቱ በዚያው መንገድ ሲመለሱ ፌስታሉ የለም፤ ነፋስ ወስዶታል። በቅሎዋ ግን ገና አጥሩን ከሩቅ ስታይ ቆመች። እንደገና ተመታች። ወር ሳይሞላ ነጠላ የለበሰ ሰው ባየች ቁጥር የምትደነብር ሆነች። ገበሬው «ይቺስ ሰይጣን አለባት» አለና በርካሽ ሸጣት። ለገዛውም ሰው ጠባይዋን አልነገረውም። ይህ ነውር ነው፤ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ታዲያ ሰይጣኑ ከየት መጣ? በቅሎዋ ያየችው ሁለት ነገር ነው። ነጭ ነገር ተርገበገበ፤ ወዲያው ፊቷን አመማት። ሰውየው የመታት ስለ ደነበረች መሆኑን እሷ አታውቅም። የምታውቀው፣ ነጭ ነገር ሲመጣ ሕመም አብሮ እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ በሌላ ጊዜ ሕመሙ ሳይደርስባት ለማምለጥ ቀድማ ትደነብራለች። ዱላው ፍርሃቷን አላስወጣም፤ እንዲያውም «መፍራትሽ ልክ ነው» ብሎ መሰከረላት።

ይህ ትናንት የተገኘ እውቀት አይደለም። ከ2,300 ዓመት በፊት በግሪክ አገር ይኖር የነበረ ዜኖፎን የሚባል ጦረኛ ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጽፏል። ፈረስ በደነበረ ጊዜ የፈራው ነገር ጉዳት እንደሌለው ማሳየት፣ ሰውየው ራሱ ነገሩን እየነካ ፈረሱን በዝግታ ማስጠጋት እንደሚገባ አስተምሯል። የተመታ ፈረስ ግን ሕመሙን ያመጣበት ያ የፈራው ነገር ስለሚመስለው ፍርሃቱ እንደሚብስ ያን ጊዜውኑ ተረድቶ ነበር።

በቅሎ ለምን እንዲህ ፈሪ ሆነች ብንል መልሱ በዘሯ ውስጥ ነው። እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ ነው። ፈረስ ሲፈራ ይሮጣል። አህያ ሲፈራ ይቆማል፤ ቆሞ ነገሩን ይመረምራል። በቅሎ ሁለቱንም ወርሳለች። ስትሮጥ «ደንባራ» እንላታለን፤ ስትቆም ደግሞ «እልኸኛ» እንላታለን። ሁለቱም ግን አንድ ፍርሃት ነው። የበቅሎ ዘመዶች በዱር የኖሩት በአንበሳና በጅብ እየታደኑ ነው። ቶሎ ያልደነገጠው ተበላ፤ ቶሎ የደነገጠው ተረፈና ዘር ተካ።

ዓይኗን ተመልከቱ። የተተከለው በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ነው። ስለዚህ ዙሪያዋን ሁሉ ታያለች ማለት ይቻላል። የማታየው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ቅርብ ያለው፣ ሁለተኛው ከጭራዋ በስተኋላ ያለው። ከኋላዋ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ሰው ለእሷ ጅብ ነው። ብትራገጥ ምን ይፈረድባታል? ወደ በቅሎ ሲቀርቡ ከጎን በትከሻዋ በኩል፣ እየተናገሩ መሆን አለበት። ልጆችም ይህን ገና በሕፃንነታቸው ይወቁት።

ጆሮዋም ይናገራል። ወደ ኋላ ልጥፍ ካደረገችው ተቆጥታለች፤ ራቁ። ወደ እናንተ ካዞረችው እያዳመጠቻችሁ ነው። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከንፈሯን ስታላምጥ ደግሞ ፍርሃቷ እየለቀቃት ነው ማለት ነው።

ወደ አገራሩ እንግባ። በመጀመሪያ ግን ጤናዋን አጣሩ። ጨዋ የነበረች በቅሎ ድንገት ደንባራ ከሆነች ብዙ ጊዜ የሚያማት ነገር አለ። ኮርቻውን አንሡና ጀርባዋን ዳብሱ። ገጣባ በቅሎ ኮርቻ ባየች ቁጥር ብትዘል ጠባይ አይደለም፤ ቁስል ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ጨው ጨምራችሁ እጠቡት፤ እስኪድን አትጫኑባት፤ ኮርቻውንም አስተካክሉት። ኮቴዋ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር እንዳለ፣ ልጓሙ አፏን ቆርጧት እንደሆነ፣ አንድ ዓይኗ ደክሞ እንደሆነ ተመልከቱ።

አንድ ክፉ ነገር ደግሞ አለ። ውሻ ነክሷት ከሆነ፣ ወይም ሳይነክሳት አይቀርም ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ለሃጯም ከተዝረበረበ፣ መዋጥም ካቃታት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። «አጥንት ሰንቅሯት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ። ሰው እንዳይጠጋት አድርጉና ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የነከሰችው ወይም ለሃጯ ቁስሉን የነካው ሰው ቁስሉን ለሩብ ሰዓት ያህል በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ በዚያውኑ ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ አያድንም።

ጤነኛ ከሆነች ቦታ ምረጡላት። በድንጋይ የታጠረ ጠበብ ያለ ግቢ ይበቃል፤ መቼም መንዝ ድንጋይ አልቸገረውም። ውሻ አይግባበት። የሚገራት ሰውም አንድ ይሁን። ዛሬ አባት፣ ነገ ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ጎረቤት ቢነካካት የማንን ጠባይ ትልመድ?

በመጀመሪያው ቀን ምንም አታድርጉ። ይህን ሲሰማ የሚስቅ ሰው ይኖራል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እፍኝ ገብስ በእንቅብ ይዛችሁ ግቡ። እንቅቡን ከእናንተ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ከአጥሩ ጥግ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ። አፍጥጣችሁ አትዩዋት፤ አፍጥጦ የሚያይ አዳኝ አውሬ ነው። በለሰለሰ ድምፅ አውሯት፤ የፈለጋችሁትን አውሯት። እስክትበላ ጠብቁና ውጡ። በሚቀጥለው ቀን እንቅቡ አንድ እርምጃ ወደ እናንተ ይጠጋ። ምናልባት በሦስተኛው ቀን፣ ምናልባትም በአሥረኛው ከአጠገባችሁ ቆማ ትበላለች። ያን ጊዜ ዘላችሁ ለመያዝ አትሞክሩ! ብዙ ሰው ድካሙን ሁሉ ገደል የሚከተው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ለበቅሎ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ዘሯ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ክብደቷ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ አንዲት ትንሽ በቀቀን አለች። በከተማና በውጭ አገር ብዙ ሰዎች በሽቦ ቤት ያሳድጓታል። አዲስ የመጣች ጊዜ ሰው ሲጠጋት ከሽቦው ጋር እየተላተመች ትደነግጣለች። የሚያውቅባት ሰው ለጥቂት ቀን ከአጠገቧ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀጥሎ ዳጉሳ የመሰለ ጥቃቅን እህል በእጁ ይዞ፣ እጁን ሳያንቀሳቅስ ይጠብቃታል። በመጨረሻ ራሷ መጥታ ጣቱ ላይ ትቆማለች። አፈፍ አድርጎ የያዛት ሰው ግን ነገሩን ከሀ ይጀምራል። እንግዲህ ከመዳፍ የማትበልጥ ወፍና ከሁለት ኩንታል በላይ የምትመዝን በቅሎ በዚህ አንድ ናቸው።

በእጅ መንካት የሚጀመረው ከትከሻዋ ነው፤ ከፊቷ አይደለም። ጋማዋ የሚያልቅበትን፣ አንገቷ ከጀርባዋ የሚገናኝበትን ቦታ እከኩላት። ፈረሶችና በቅሎዎች በጥርሳቸው እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ላይ ነውና ደስ ይላታል። እጃችሁን ጥቂት አሳርፉና ቆማ ሳለች አንሡ። ይህች ነገር ከሁሉ ትበልጣለችና ልድገማት። እጃችሁን ያነሣችሁት እሷ ስትሸሽ ከሆነ መሸሽን አስተማራችኋት። ቆማ ሳለች ካነሣችሁ ግን መቆምን አስተማራችኋት። ስለዚህ ከመሸሿ በፊት እናንተ ቅደሙ። የገመዱም ነገር እንዲሁ ነው። ልባብ አድርጋችሁ ስትስቧት አንድ እርምጃ ብቻ ወደ እናንተ ብትመጣ ገመዱን ወዲያው ልቀቅ አድርጉት። ያች መላላት ደመወዟ ናት። እየመጣችም መጎተቱን ካላቆማችሁ ለምን ትምጣ?

ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይብለጥ። ጠዋትና ማታ ቢሆን ይበቃል። እኛስ ጎልማሶቹ ፊደል ስንቆጥር ብዙ ከተቀመጥን ዓይናችን ይፈዝ አልነበረም? ደግሞም ትምህርቱን ሁልጊዜ የምታውቀውን ነገር አሠርታችሁ፣ ሳትደነግጥ ጨርሱት።

ኋላ እግሯን ለመልመድ በመጀመሪያ እጃችሁን አትላኩ። ጫፉ ላይ ጨርቅ በተጠቀለለበት ረዥም ዘንግ ከወገቧ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ዳብሷት። ብትራገጥ ዘንጉን ነው፤ እናንተን አይደለም። መራገጡን ስትተው ነው እጅ የሚከተለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠን ይላል። ባናውን አጥፋችሁ አሽትቷት፤ አንገቷን፣ ከዚያ ጀርባዋን እሹበት፤ ቆይታችሁም ዘርጉት። ቀጥሎ ባዶ ኮርቻ ጫኑና በግቢው ውስጥ ምሯት። ሆዷን የሚይዘውን ጠፍር በአንድ ቀን አታጥብቁት። ከኮርቻው በኋላ ገለባ የሞላበት ስልቻ፣ ከገለባው በኋላ ጥቂት እህል ይጫንባት። አራት ዓመት ሳይሞላት ግን ከባድ ጭነት አይገባትም፤ አጥንቷ ገና አልጠናም። ስትፈናጠጡም በመጀመሪያው ቀን በሆዳችሁ ጋደም ብላችሁ ውረዱ፤ ይኸው ይበቃል። የመጀመሪያው ግልቢያ በታረሰ ማሳ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። አፈሩ ስለሚይዛት ለመሮጥ አትችልም፤ የወደቀም ሰው እንደ ድንጋይ ላይ አይጎዳም።

በየአገሩ «እኔ በሦስት ቀን ገርቼ እሰጥሃለሁ» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። ጠፍሮ ይጥላታል፤ ጆሮዋን ይጠመዝዛል፤ ተሰብራ እስክትደክም ያስሮጣታል። በሦስተኛውም ቀን በእውነት ዝም ብላ ትቆማለች። ነገር ግን ደክሟት ዝም ያለች በቅሎና አምና ዝም ያለች በቅሎ በበረት ውስጥ አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ገደል አፋፍ ላይ ነው። በደኅና የተያዘች በቅሎ ሠላሳ ዓመት ልትኖር ትችላለች። ለሠላሳ ዓመት አገልግሎት ሁለትና ሦስት ወር ብንታገሥ ምን እንከስራለን?

ያቺ ዳማ በቅሎ እጃችሁ ገባች እንበል። ነጭ ነገር የሚያስፈራትን እንዴት እናስተዋት? አንድ ሰው ፌስታል ይዞ ከሩቅ፣ ከመቶ እርምጃ ላይ ይቁም። እሷ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትመለከታለች፤ ግን አትሸሽም። ትክክለኛው ርቀት ይህ ነው። እዚያው ገብስ ስጧት። መብላት እንቢ ካለች በጣም ቀርባችኋልና ተመለሱ። በማግስቱ ዘጠና እርምጃ፣ ቆይቶ ሰማንያ እያላችሁ ተጠጉ። አንድ ቀን ስትደነግጥ ካያችሁ በሚቀጥለው ቀን ከሩቅ ጀምሩ እንጂ አትግፏት። ሌላም ዘዴ አለ፤ ፌስታሉን የያዘው ሰው ከፊት ይሂድ፣ እሷ ከኋላ ትከተለው። የሚያሳድድ ነገር ያስፈራል፤ የሚሸሽ ነገር ግን አያስፈራም። ጥቂት ቀን ከተከተለችው ራሷ ልታሸተው ትጠጋለች። በመጨረሻ ፌስታሉ ገብሱ ካለበት እንቅብ ውስጥ ይቀመጥ። ነጭ ነገር ሲመጣ ሕመም ይመጣ የነበረው ዛሬ ገብስ የሚመጣ ሆነ። ጃንጥላንም፣ ባጃጅንም፣ ድልድይንም የምታለምዷት በዚሁ መንገድ ነው።

ጓደኛ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ረጋ ያለች አሮጊት በቅሎ ወይም ባዝራ ከፊት ብትሄድ ወጣቷ እሷን አይታ ትረጋጋለች። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ላልለመደች በቅሎ የቃጭል ድምፅ እሳት ነው። ቃጭሉ ግን በራሱ ክፉ አይደለም። በአሜሪካ አገሮች የበቅሎ ነጋድያን ቃጭሉን የሚያስሩት በአንዲት ባዝራ አንገት ላይ ነበር። በቅሎ ባዝራን እንደ እናቷ ትከተላለችና ብዙ በቅሎ ሳይታሰር የቃጭሉን ድምፅ እየሰማ በተራራ መንገድ ይከተላት ነበር። ሌሊት ለግጦሽ ሲለቀቁም ከድምፁ አይርቁም። እኛ በቅሎ ማስደንበሪያ የምንለው እዚያ ማረጋጊያ ሆነ። ልዩነቱ ድምፁን ከማን ጋር እንደለመዱት ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ገና ውርንጭላ ሳለች መጀመር ነው። እናቷን እየጠባች ሳለ በየቀኑ ጥቂት የዳበሳት፣ እግሯን አንሥቶ ያስቀመጠላት፣ ገመድ ያስለመዳት ሰው ኋላ ብዙ አይደክምም። ብቻ አትጫወቱባት። ትንሽ ሳለች ስትነክስና ስትዘል የሳቅንላት በቅሎ ስታድግም ጨዋታው አይለቃትም።

ገመድ ስትይዙ በእጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ ከወገባችሁም ጋር አትሰሩት። የደነበረች በቅሎ በአንድ ቅጽበት ጣት ትቆርጣለች፤ ሰውንም እየጎተተች ትሄዳለች። ገመዱን አጥፋችሁ በመዳፋችሁ ያዙት፤ ካቃታችሁ ልቀቁት። በቅሎ ሸሽታ ትመለሳለች፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይመለስም። ስታስሯትም ከድንጋይ ክምር ወይም ከላላ አጥር ጋር አትሰሯት። ተነቅሎ ከተከተላት የምትሸሸው እሱን ነውና መቆሚያ የላትም። ጠንካራ ዛፍ ምረጡና ቋጠሮው አንዱን ጫፍ ሲስቡት ቶሎ የሚፈታ ይሁን።

ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ስታወጧት የገበያ ቀን አይሁን። ሰው በሌለበት ቀን ባዶ ኮርቻ ጭናችሁ፣ አሮጊቷን በቅሎ ከፊት አድርጋችሁ፣ እናንተ በእግራችሁ እየሄዳችሁ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ ወስዳችሁ መልሷት። በሌላው ቀን እስከ ግማሹ ውረዱ። ቆማ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ታግሣችሁ ቁሙላት፤ ጆሮዋን አቁማ ታየዋለች፤ ታሸተዋለች፤ ከዚያም ትንፋሿን በረዥሙ ትለቃለች። ያን ጊዜ «ነይ» ብትሏት ትመጣለች።